ፔጆ 404 ላይ ተርቦ፦ ጎንደር ላይ ስንት ባር ይበቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አዘዞ ነው። በፈረንጅ የ1969 ፔጆ 404 አለኝ፤ ሞተሯ 1.6፣ ባለ ካርቡራቶር። ከተማ ውስጥ ጥሩ ትሄዳለች፤ ወደ ደባርቅ ስወጣ ግን አምባ ጊዮርጊስ ሳልደርስ በሁለተኛ ማርሽ መጎተት ትጀምራለች። ከሚትሱቢሺ ኤል 200 ናፍጣ የወረደ ተርቦ በርካሽ አግኝቻለሁ። ብየዳ እችላለሁ፤ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥመው አስቤያለሁ። ፒስተን መቀየር አለብኝ? ስንት ባር ልስጠው? ገንዘቤ ብዙ አይደለም።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ፒስተን አትቀይር። ተርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ ነው፤ ባር ደግሞ የግፊቱ መለኪያ ነው፤ ከ0.3 ባር በላይ አትስጠው። ተርቦውን ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እና ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) ባለፉት ዓመታት ምን እንደተደረጉ እወቅ። ጎንደር የኖረ ሞተር ለጎንደር አየር ተብሎ የተስተካከለ ሞተር ነው፤ ተርቦ በገባለት ቀን ግን የሚተነፍሰው የቆላ አየር ይሆናል። ቤት ውስጥ ከተሠሩ ባለተርቦ ሞተሮች መካከል ቶሎ ሲቃጠሉ ያየኋቸው አብዛኞቹ ይህ ስለተዘነጋ ነው።

ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 0.78 ባር ያህል ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.01 ነው። ሞተርህ በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ፋብሪካው በወረቀት ካስቀመጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ገና ከግቢህ ሳትወጣ አጥተሃል። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ ስትደርስ የጎደለው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ላይ የምትደክመው መኪና ምንም ብልሽት ላይኖርባት ይችላል።

ተርቦ ራሱ በልጅነቱ የተፈተነው ለዚሁ ችግር ነው። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ አወጣው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እላይ 230 ሰጠ፤ ተርቦ ሲገባለት 356። ሞተሩ አልተቀየረም፤ የጎደለው አየር ነው የተመለሰለት።

ያንተም መኪና የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። 0.78 ላይ 0.3 ስትጨምር 1.08 ባር ይሆናል። ይህ ማለት የሞተሩ የውስጥ ክፍሎች፣ ፒስተኖቹ፣ ቢየላዎቹና ብሮንዚናዎቹ፣ የሚሸከሙት ጭነት ፔጆ ሞተሩን ሲሠራ ካሰበው ብዙም አይርቅም። 0.7 እና 1 ባር ሰጠን የሚሉት ሰዎች ፎርጅድ ፒስተን፣ የተጠናከረ ቢየላ፣ በኮምፒውተር የሚመጠን ነዳጅና የመረጡትን ኦክቴን፣ ማለትም የቤንዚን ጥራት ደረጃ፣ የሚቀዱበት ማደያ አላቸው። አንተ ከነዚህ አንዱም የለህም፤ ለደባርቅ መንገድም አያስፈልጉህም።

አሁን ወደ ሞተሩ። መጀመሪያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለካ፤ ስትለካ ግን እንዳትደነግጥ። ጌጁ የሚያሳይህ ቁጥር ከከፍታው ጋር ስለሚወርድ፣ ባህር ጠረፍ ላይ 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጎንደር ላይ 8 ባር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በመጽሐፍ ያለውን ቁጥር ይዘው «ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል» ብለው ጤነኛ ሞተር የሚያወርዱ መካኒኮች አሉ። ዋናው የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ የተርቦውን ሐሳብ አቁመህ መጀመሪያ ሞተሩን አድን። በዚያው አጋጣሚ የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክል፣ የአየር ፊልትሮውን ቀይር፣ ማርሚታው ታፍኖ እንደሆነ እይ። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ብቻ የፈለገውን ጉልበት አግኝቶ ተርቦውን ይተወዋል፤ አንተም እንደዚያ ከሆነ ደስ ይለኛል።

404ን በዚህ ሥራ እወዳታለሁ። ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ 1967 እና 1968 ያሸነፈች መኪና ናት፤ ሞተሯም ለክፉ መንገድና ለክፉ ቤንዚን ተብሎ የተሠራ ነው። የኮምፕረሽን ሬሾዋ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ ዝቅተኛ ነው፤ በሞዴሉ ከ7 እስከ 9 መሃል። ለዚህ ነው ፒስተን አትቀይር ያልኩህ። ሬሾውን ለመቀነስ ሁለት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለ ማሸጊያ) መደረብ የሚመክሩህም ይኖራሉ፤ አታድርገው፤ መጀመሪያ የሚያፈሰው እሱ ነው። ያንተ ሞተር ከኋለኞቹ፣ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በ5 ቦታ ከሚደገፈው ከሆነ እሰየው። ከቀደሙት ባለ 3 ከሆነ ዙሩን በደቂቃ ከ4,500 አታሳልፍ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስማኝ። የ404 ካሚቻዎች፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ብረቶች፣ ተነቃይ ናቸው፤ ውሃው በቀጥታ ይነካቸዋል። ቴስታታው ሲጠብቅ የሚታሸጉት ጫፋቸው ከብሎኩ ገጽ በጥቂቱ ብቅ ስለሚል ነው። ይህ ብቅታ በአራቱም እኩል ካልሆነ፣ በተራ ሞተር ላይ ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ ጓርኒሲዮን 0.3 ባር ሲያርፍበት በወር ውስጥ ይለቃል። ቴስታታውን የምታወርደው ከሆነ ካሚቻዎቹን በቦታቸው የሚይዝ ነገር በብሎን እሰርባቸው፤ ሳይታሰሩ ክራንኩን ካዞርክ ይነሱና ከሥር ያለው ማሸጊያ ይበላሻል። ከዚያ ዲያል ጌጅ ያለው ቶርኖ ቤት ብቅታቸውን አስለካ። ኮምፕረሽኑ ጥሩ ከሆነና ውሃ የማይጎድል ከሆነ ግን ቴስታታውን አትንካው።

ያገኘኸው ተርቦ መጠኑ ይስማማል። ሞተርህ በ4,500 ዙርና በ0.3 ባር የሚፈልገው አየር በሴኮንድ 55 ግራም ገደማ ነው፤ ለ2.5 ሊትር ናፍጣ የተሠራ ተርቦ ይህን ሳይጨነቅ ይሰጣል፤ ቢበዛ ትንሽ ዘግይቶ ይነሳ ይሆናል። ስትገዛ ሦስት ነገር እይ። ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋው ምንም መንቀሳቀስ የለበትም፤ ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ችግር የለውም፤ ምላጮቹ ግን ግድግዳውን መንካት የለባቸውም። ከአዲሶቹ ኤል 200 የወረደ፣ ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሉት ዓይነት ከሆነ አትግዛው፤ የቤንዚን ጭስ ሙቀት ክንፎቹን ያጣብቃቸዋል። የናፍጣ ጭስ 700 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የቤንዚን ጭስ ጭነት ላይ 900 ይደርሳል፤ ስለዚህ የተገኘ እንደሆነ ውሃ የሚያልፍበትን ምረጥ።

ሦስተኛው ዌስትጌቱ፣ ማለትም ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን በጎን የሚያሳልፈው በር ነው። የናፍጣ ተርቦ ስፕሪንግ ለ0.3 ባር በጣም ጠንካራ ነው። ብዙ ሰው የግፊት መቆጣጠሪያ ገዝቶ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ መቆጣጠሪያ ግፊት ይጨምራል እንጂ ከስፕሪንጉ በታች አያወርድም። የአክቹዌተሩን፣ ማለትም በሩን የሚከፍተውን ዕቃ፣ ዘንግ በማስረዘም ስፕሪንጉን ማላላት ይቻላል፤ ሲላላ ግን በሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አረጋግጥ። ካልበቃ ለስላሳ ስፕሪንግ ያለው ሌላ አክቹዌተር ፈልግ። ጎንደር ካጣኸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ላክ። ተርቦው ከጠቅላላ ገንዘብህ አንድ ሦስተኛ በላይ መውሰድ የለበትም። የቀረው ሁሉ ቀጥዬ ለምነግርህ ነው።

ካርቡራቶሩ የዚህ ሥራ ልብ ነው። ከተርቦው በፊት ልታስቀምጠው ወይም ከተርቦው በኋላ ልታስቀምጠው ትችላለህ። በፊት ማስቀመጡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጉሮሮው (በቤንዚን መርገጫው የሚከፈተው የአየር በር) ሲዘጋ ተርቦው ባዶ ስለሚስብ የናፍጣ ተርቦ ማሸጊያ ዘይት ያሳልፋል፣ መኪናዋም ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች። ስለዚህ በኋላ አስቀምጠው፤ ተርቦው አየሩን በካርቡራቶሩ ውስጥ ይግፋ።

ያኔ ካርቡራቶሩ ያልተሠራበት ነገር ይገጥመዋል፤ ግፊት። የቤንዚን ቋቱ (ካርቡራቶሩ ላይ ያለችው ትንሿ የቤንዚን መያዣ) መተንፈሻ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የተገፋው አየር ቤንዚኑን ወደ ቋቱ መልሶ ስለሚገፋው፣ ጉልበት በጠየቅህበት ቅጽበት ሞተሩ ይራባል። መተንፈሻውን ዝጋና ከካርቡራቶሩ አፍ ጋር በቱቦ አገናኘው፤ በቋቱና በአፉ ላይ ያለው ግፊት እኩል ይሁን። ተንሳፋፊው ባዶ ናስ ከሆነ ስንጥቅ እንደሌለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ ፈትሽ፤ አረፋ ካወጣ ቀይረው። የጉሮሮው ዘንግ በልቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት ቡሽ አስገባለት፤ አለበለዚያ በዚያ ክፍተት የቤንዚን ጭጋግ ወጥቶ በጋለው ተርቦ ላይ ያርፋል። ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። እሳት ማጥፊያ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ሳታስቀምጥ ሞተሩን አታስነሳ።

በሞተሩ የሚነዳው የቤንዚን ፖምፓም አይበቃም። የሚሰጠው ግፊት ከ0.3 ባር ብዙ አይበልጥም፤ ተርቦው ያንኑ ያህል መልሶ ሲገፋው ወደ ቋቱ የሚገባ ቤንዚን ይቆማል። የኤሌክትሪክ ፖምፓና ግፊቱን ከተርቦው ጋር እኩል የሚያነሳ ሬጉሌተር ግጠም፤ መነሻው 0.2 ባር፣ ተርቦው ሲነሳ 0.5። የፖምፓውን ኤሌክትሪክ በዘይት ግፊት ስዊች በኩል አሳልፈው፤ ሞተሩ በግጭት ቢቆም ፖምፓው ቤንዚን ማፍሰሱን እንዳይቀጥል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳልኩህ ነገር ልመለስ። ካርቡራቶር በሳሳ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ በእኛ ከፍታ ከ10 በመቶ በላይ። ስለዚህ ጎንደር የቆየች መኪና ጅግለሯ፣ ያቺ ቤንዚን የምትመጥን ቀዳዳ ያላት ናስ፣ ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ተቀይራ ልታገኛት ትችላለህ። ልክ ሥራ ነበር። ተርቦ ሲገባ ግን አየሩ እንደገና ይወፍራል፤ ትንሿ ጅግለር ያኔ ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጭነት ላይ ፒስተኑን ያቀልጣል። ከፋብሪካው የመጣውን ቁጥር መልሰህ ግጠም፤ ያ መነሻህ እንጂ መድረሻህ አይደለም። ከዚያ የኦክስጅን ሴንሰር ያለው የአየርና ቤንዚን መለኪያ ማርሚታው ላይ አስገብተህ፣ ግፊት ሲኖር 12 ለ 1 (በክብደት 12 አየር ለ1 ቤንዚን) ገደማ እስኪያሳይ ድረስ ጅግለሩን አስፋ። ሌላው ሁሉ ከሶማሌ ተራ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መለኪያ ግን አዲስ ይሁን። ሜዳ ላይ በዝግታ ስትሄድ ትንሽ ቤንዚን ያበዛል፤ ቻለው።

ታይሚንጉም እንዲሁ ነው። በሳሳ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ መካኒኮቻችን ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ያስቀድሙታል። ይህ ታይሚንግ ከ0.3 ባር ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ቅጥ እየፈነዳ ፒስተኑን ይመታል። በታይሚንግ መብራት የፋብሪካውን ቁጥር ፈልገህ ከዚያም 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሰው። በጣም ወደ ኋላ ማድረግም ጭሱን አግሎ ተርቦውን ይጎዳል። የካንዴላው (የእሳት መስጫው) ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ካንዴላው ደግሞ አንድ ደረጃ የሚቀዘቅዝ ይሁን። 

ማንኳኳቱን ለመስማት መሣሪያ መግዛት የለብህም። የቀጭን መዳብ ቱቦ ጫፍ ቀጥቅጠህ ብሳው፣ ብሎኩ ላይ ባለ ብሎን እሰረው፣ ሌላውን ጫፍ በጎማ ቱቦ ወደ መኪናው ውስጥ አስገባ። አንተ ስትነዳ ጓደኛህ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ። ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደሚንኮሻኮሽ ያለ ድምፅ ከሰማ እግርህን ወዲያው አንሳ። ቤንዚን በጀሪካን ከተቸረቸረ ቦታ አትቅዳ፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ያለ ተርቦ ያላንኳኳው በተርቦ ያንኳኳል።

ኢንተርኩለር፣ ማለትም ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ ተወው። በ0.3 ባር፣ ውጭው 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ከተርቦው የሚወጣው አየር 63 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቤንዚኑ ሲተን ደግሞ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። በ0.5 ባር ግን 88 ገደማ ይደርስ ነበር፤ ከ0.3 አትለፍ የምልህ ለዚህም ነው። ገንዘቡን ራዲያተሩ ላይ አውለው። ጎንደር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ መጠባበቂያ የለህም ማለት ነው። 404 በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ፋን ነበራት፤ ያንተው አሁንም የሚያያዝ መሆኑን እይ። ብዙዎቹ ካርቦናቸው አልቆ ዝም ብለው የሚሽከረከሩ ናቸው።

ለተርቦው የሚሄደው ዘይት በፊልትሮ ያለፈ መሆን አለበት፤ ከዘይት ግፊት መለኪያው ቦታ በቲ ቀንሰህ ውሰድ። መመለሻው ከ15 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ያለ ምንም መታጠፍ ቁልቁል የሚወርድ፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይም ከዘይቱ ከፍታ በላይ የሚገባ ይሁን። የ404 ሞተር 45 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ የተርቦውን ቦታ የሚወስንልህ ይህ መመለሻ ነው፤ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ተርቦውን በሽቦ አንጠልጥለህ ለካ። ዘይቱን በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር። ከዳገት ደርሰህ ስትቆም አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ ወዲያው አታጥፋው።

ብየዳ እችላለሁ ብለሃል። የጭስ ማውጫውን የፋብሪካ ግንድ አትበየድ፤ ግራጫ ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ይሰነጠቃል። መውጫው ላይ በብሎን የሚታሰር አጭር ማገናኛ ሥራ። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጥቁር ቱቦ ተጠቀም፤ ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ግን በፍጹም፤ ስትበይደው የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ፍላንጁ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከተበየደ በኋላ ስለሚጣመም ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱን አስተካክለው። የተርቦው ክብደት በማገናኛው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ከብሎኩ ድጋፍ ስጠው። የሞተር ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ እንዳትፍቅ ተጠንቀቅ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ይፈለጋል።

ከኋላ ያለው ዲፍረንሻል ከሌሎች መኪኖች የተለየ ነው፤ ጥርሱ ነሐስ፣ የሚያዞረው ደግሞ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ ነው። ለፋብሪካው ጉልበት ይበቃል፤ ከዚያ ብዙ ካለፍክ ግን የሚያልቀው ነሐሱ ነው፣ ምትኩም በቀላሉ አይገኝም። ለነሐስ የማይስማማ ዘይት እንዳትጨምርበት። ፍሬኑ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሠራ፤ በተለይ አራቱም ባለ ታምቡር ከሆኑ። ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ይህን ከኔ መስማት አያስፈልገውም።

ስትሞክር ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ባለው ሜዳ ጀምር። ዌስትጌቱን መጀመሪያ በሽቦ ክፍት አድርገህ፣ ያለ ግፊት ፍሳሽና ሙቀት እይ። ቀጥሎ ዝጋውና በሦስተኛ ማርሽ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ጭነት ስጥ፤ አቁም፣ ካንዴላ አውጥተህ እይ። ነጭ ወይም ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ያለበት ካንዴላ ካገኘህ ወደ ዳገቱ አትሂድ። ካንዴላው ቡኒ፣ መለኪያው 12፣ የጓደኛህ ጆሮም ጸጥ ካለ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ውጣ።

መተማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዌስትጌት የሚቆጣጠረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ የትም ብትሄድ 0.3 ይጨምርልሃል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነች የውጭው አየር ከ0.9 ባር ይበልጣል፤ ድምሩም ከ1.2 ያልፋል፤ ሙቀቱም በበጋ 40 ዲግሪ ነው። ጎንደር ላይ ጸጥ ያለው ሞተር እዚያ ሊያንኳኳ ይችላል። ወደ ቆላ የምትወርድ ቀን የዌስትጌቱን በር በሽቦ ክፍት አድርገህ ውረድ፤ እዚያ አየሩ ራሱ ይበቃሃል።

ተርቦውን ገና ካልከፈልክበት ቆይ። የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕረሽን፣ አሁን ያለችውን ጅግለር ቁጥር፣ የታይሚንጉን ዲግሪና የተርቦው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ላክልኝ፤ ከዚያ መነሻ ጅግለሩን አብረን እንመርጣለን።